ግማሽ ክኒን

የልጅ ልጆቼ «አያታችን ታዳላለች» እያሉ ያሙኛል። ዳቦ ስቆርስ ለአንዱ ገመስ አድርጌ ለሌላው ቁራሽ ሰጥቼ ስለማልፍ ነው። ትንሹማ ዓይኑን አፍጥጦ «ለሱ ለምን በዛ?» ይለኛል። «እሱ ሲያርስ ውሏል፣ አንተ ስትጫወት ውለሃል፤ አፍህን ዝጋና ብላ» እለዋለሁ። አዎ፣ አዳላለሁ። ድሮ ግን እንዲህ አልነበርኩም። ድሮ እኩል በማካፈል የሚወዳደረኝ ሴት በአገሩ አልነበረም። ያንን ያስተወኝን ነገር ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ ካደግሁ በኋላ ነውና ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ታገሡኝ። ነገሩ አይንሻፈፍም።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን ከእስቴ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ላይ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ወይ ሃያ ሦስት ዓመቴ ቢሆን ነው። ባሌ የመጀመሪያ ሚስቱ በወሊድ ሞታበት፣ የሺ የምትባል ልጇን ይዞ ነው ያገባኝ። ከዚያ እኔ አበበችን ወለድኩ። ይህ በሆነበት ዓመት የሺ አሥራ አንድ፣ አበበች ስድስት ዓመታቸው ነበር።

የእንጀራ እናት መሆንን ያልሆነችው አታውቀውም። ልጅቷ ከከሳች ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከወፈረች ለሰው ዓይን ብዬ ነው። ከወንዝ ማዶ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ባገኘችኝ ቁጥር የሺን አገላብጣ ታያታለች።

«ምነው የየሺ ቀሚስ አጠረ? የአበበች እኮ መሬት ይጠርጋል» ትለኛለች።

«አበበች አጭር ስለሆነች ነዋ!»

«እሱስ ነው» ትላለች። ከንፈሯን ግን ትመጥጣለች።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ማንም አፉን እንዳይከፍትብኝ ብዬ በቤቴ ሕግ አወጣሁ። ሕጉ «ግማሽ ግማሽ» ይባላል። ከገበያ አንድ ከረሜላ ከመጣ በጥርሴ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ። አንድ እንቁላል ከተቀቀለ በክር እቆርጠዋለሁ። ልጆቹም ለመዱት፤ ማንኛዋም አንድ ነገር እጇ ከገባ፣ እኔ ሳልናገር «ግማሽ ግማሽ!» ትላለች። ይህን ስሰማ ልቤ ይሞላል። ያችን ጎረቤት ጠርቼ ባሰማኋት እላለሁ።

ራሳቸውንም የምላጨው እኔ ነበርኩ። በኛ አገር ልጃገረድ አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይተውላታል፤ ጋሜ ይባላል። ሴት ልጅ ጋሜዋን አሳድጋ ሹሩባ መሠራት ስትጀምር ሰው ሆነች ማለት ነው። የዚያን ዓመት ለጥምቀት ሁለቱንም ስላጭ ለየሺ «ይህ የመጨረሻ ምላጭሽ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሹሩባ እሠራሻለሁ» አልኳት። ዘላ እግሬን ሳመችኝ። ምላጩን የተዋስኩት ከጎረቤት ነው፤ መንደሩን ሁሉ ሲዞር የከረመ ምላጭ ነበር። መጀመሪያ የሺን ላጨሁ፤ አላጠብኩትም፤ በዚያው አበበችን ደገምኩ።

ጥቂት ቆይቶ የየሺ አናት ላይ አመድ የተበተነበት የመሰለ ክብ ወጣ። ጠጉሯ ብቅ ሳይል ከሥሩ እየተሰበረ ቀረ። ቆረቆር ነው አልን። ቆረቆር ያልያዘው ልጅ የት አለ? በእንዶድ አጠብኩት፣ በከብት ሽንት አጠብኩት፣ አመድ በቅቤ ለውሼ ቀባሁት። ሁዳዴ ሊገባ ሲል አናቷ አበጠ። እብጠቱ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነና ከየቀዳዳው መግል ያወጣ ጀመር። አበበችም ጆሮ ግንዷ አጠገብ ሁለት ትናንሽ ክቦች ወጡባት፤ እሷን ግን አላበጣትም።

የመንደሩ ልጆች ከየሺ ሸሹ። ዝንብ ስለሚከተላት ከነጠላዋ አትወጣም ነበር። ስለ ሕመሙ አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«እቴቴ፣ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው አልኩሽ!»

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ሁለቱንም ይዤ ወደ መካነ ኢየሱስ ተነሣሁ። እዚያ አንድ ክሊኒክ እንዳለና ቆረቆር የሚያድን ክኒን እንደመጣ ሰምተን ነበር። ባሌ «አበበችን ምን ያደርግልሻል? የሺን ብቻ ውሰጂ» አለኝ። «አንዷን ወስጄ አንዷን ልተው?» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው በሬውን ጠምዶ ሄደ።

አበበችን አዝዬ፣ የሺ ከኋላዬ እየተከተለች ሄድን። አበበች ጀርባዬ ላይ ሆና ትለፈልፋለች።

«እማዬ፣ እኔ ሁለት ቆረቆር አለኝ። የሺ አንድ ነው ያላት። እኔ በለጥኳት።»

«ውሰጂው በይ! የኔንም ጨምሬልሻለሁ» አለች የሺ።

«ግማሹን ብቻ» አለች አበበች፣ ኮስተር ብላ። ሦስታችንም ሳቅን። የዚያን ቀን መንገዱን ሙሉ ስንሳቅ እንደሄድን አስታውሳለሁ። የሺ እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት የመጨረሻው ቀን ነው።

ክሊኒኩ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ተቀምጧል። ሰዎች የየሺ ቁስል ሲሸታቸው ፈቀቅ አሉና ቦታ አገኘን። ተራችን ሲደርስ የተቀበለን ሰው ሽበታም ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነበር፤ ሁሉም «ሐኪም» ይለዋል። ነጠላዋን ሲገልጥ ፊቱን አላኮሳተረም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። በመቆንጠጫ አንድ የጠጉር ጉቶ ይዞ ነቀለ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም» አለች የሺ። እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ ነው።

«ውሸታም! እኔን ቢሆን ጮኼ አገር አቀልጥ ነበር» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ስሚኝ እመቤት። ይህ ላይ ላዩን ያለ ቆረቆር አይደለም፤ ሥር ገብቷል። ጠጉር እንደ እህል ከሥሩ ነው የሚበቅለው። ቅባት ብትቀቢው ሥሩ ጋ አይደርስም። በአፍ ተውጦ፣ በደም ዞሮ፣ ከውስጥ የሚደርስ ክኒን ነው የሚያድነው።»

ቁም ሣጥን ከፍቶ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«ከደብረ ታቦር የመጣው ይህ ብቻ ቀርቷል። ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው። ሌላ ከፋሲካ በፊት አይመጣም። ለዚች ለትልቋ ነው፤ በየቀኑ አንድ፣ እስከ ፋሲካ።»

«ለትንሿስ?» አልኩት።

አበበችን ጆሮዋን ይዞ አየ። «የዚች ይቆያል። ለጊዜው ቅባት እሰጥሻለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ክኒኑ ሲመጣ ትወስዳለች። የትልቋ ግን አይቆይም። እብጠቱ ከቆየ ሥሩን ይበላዋል፤ ሥሩ ከተበላ ጠጉር አይበቅልበትም። ዕድሜ ልክ።»

«ለሁለቱ ብናካፍለውስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለሁለት ከከፈልሽው ለዚች አይሆናትም። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ደግሞ በደረቅ ምግብ አይደለም። ወተት ወይም ቅቤ ካለው ምግብ ጋር ትዋጠው። አለዚያ ደሟ ውስጥ አይገባም፤ ዝም ብሎ ይወጣል።»

«ሁዳዴ ነው እኮ ሐኪም። እሷ መጾም ጀምራለች።»

«የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው። ለመድኃኒት ነው በያቸው።»

«እሺ» አልኩ።

የዚያን ቀን ብዙ ጊዜ «እሺ» ብያለሁ። ወረቀቱን መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬ ወጣሁ።

ስንመለስ አንድ ወንዝ ዳር፣ ወይራ ጥላ ሥር አረፍን። ቆሎ አወጣሁ። የዛሬውን እዚሁ ትዋጥ ብዬ ወረቀቱን ፈታሁ። ክኒኑ ነጭ፣ ክብ፣ የሚያምር ነገር ነው። አበበች አየችው።

«የኔስ?»

«ያንቺ ቅባት ነው።»

«ቅባት አልፈልግም! ይሸታል! እኔም ነጩን!» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። አለቃቀሷ አንጀት የሚበላ ነበር። ጆሮ ግንዷ ላይ ያሉትን ሁለት ክቦች አየሁ። የሐኪሙ ቃል ደግሞ በጆሮዬ አለ፤ ዕድሜ ልክ። የእሷም አብጦ ሥሩን ቢበላውስ? የወለድኳት ልጄ መላጣ ሆና ብትቀርስ? ክኒኑን በጣቶቼ መሐል ይዤ አገላበጥኩት።

የሺ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«እቴቴ፣ ግማሽ ግማሽ አይደል?»

ክኒኑን እንደ ከረሜላው በጥርሴ ሰነጠቅኩት። ምሬቱ ምላሴ ላይ ቀረ። ግማሹን ለየሺ፣ ግማሹን ለአበበች ሰጠሁ። አበበች ዝም አለች። የሺ በወንዙ ውኃ ዋጠችው። እኔም «አቤት ያሳደግኳቸው ልጆች!» ብዬ ኮራሁ። አዎ፣ ኮራሁ። አልዋሻችሁም።

እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ የንስሐ አባታችንን፣ መምሬን፣ ስለ ወተቱ ልጠይቃቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄድኩ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ቀና ስል ያች የወንዝ ማዶ ጎረቤቴ ከጎኔ ቆማለች። ጆሮዋን አቁማለች።

«ምን ፈለግሽ ልጄ?» አሉኝ መምሬ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ነገ ውኃው ዳር የሚባለው ታየኝ። «የሙት ልጅ ጾም አስገደፈች። ለልጅቷ ነፍስ እንኳ አታዝንም» ሊሉኝ ነው።

«ደህና ነዎት ወይ ልል ነው አባ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና አለፉ። እኔ ባሌን ቁጭ ብድግ የማደርገዋ፣ በገበያ መሐል ከወንድ ጋር የምሟገተዋ ሴት፣ አንዲት ወሬኛ ፈርቼ ተመለስኩ።

ስለዚህ እንዲህ ሆነ። አበበች ሰባት ዓመት ስላልሞላት አትጾምም። ጠዋት ጠዋት ግማሿን ክኒን በወተት ትውጣለች። የሺ ግማሿን በሽሮና በውኃ ትውጣለች። በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳላዛንፍ፣ እኩል ሰንጥቄ ሰጠሁ። ፍርፋሪው እንኳ እንዳይበላለጥ በጣቴ እየለቀምኩ አስተካክል ነበር።

በሆሳዕና ሰሞን የአበበች ክቦች ጠፉና ጥቁር ጠጉር ብቅ አለ። የየሺም እብጠት ሟሸሸ፣ መግሉ ደረቀ። ዳነች ብዬ እልል አልኩ። ቅርፊቱ ሲነሣ ግን ከሥሩ የወጣው ቆዳ እንደ ተፋቀ ቁርበት ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ ሆነ። የየሺ እጅ ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ነበር። በጣቷ ትዳብሰዋለች፣ ትዳብሰዋለች፤ አንድ የጠጉር ዘለላ ትፈልጋለች።

ከፋሲካ በኋላ ሁለቱን ይዤ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ሐኪሙ የየሺን ሻሽ ፈታ። ቆዳውን በጣቱ ዳበሰው።

«ክኒኑን ጨርሰሻል?» አላት።

«ጨርሻለሁ» አለች የሺ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ዞሮ አበበችን ጠራት። ጆሮ ግንዷን አገላበጠ። አዲሱን ጠጉር አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«አካፈልሻቸው።»

«እኩል ነው ያካፈልኳቸው» አልኩ። «በእግዜር ስም እምልልሃለሁ፣ አንዷን ከአንዷ አላበለጥኩም።»

«ለሁለቱ በአንድ ልክ ቀሚስ ታሰፊያለሽ?»

«አላሰፋም።»

«ለምን?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ለዚያች ጎረቤቴ ወንዝ ዳር የመለስኩላት ያው መልስ ነው፤ አበበች አጭር ስለሆነች። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩት።

«ትንሿ ትንሽ ናት፤ ግማሹ ይበቃታል። ትልቋን አይበቃትም» አለ። «ወተቱንስ?»

«ትንሿ ጠጥታለች።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። አዲስ ክኒን መጥቶ ነበርና ለየሺ ሙሉውን ሰጣት፤ ሥር የቀረው በሽታ እንዳይነሣባት ነው አለ። ስንወጣ እኔን ለብቻዬ አስቀርቶ እንዲህ አለኝ፦ «ሙሉውን ብትወስድ በእርግጥ ይበቅል ነበር ብዬ አልምልልሽም። ዕድል ግን ነበራት። አሁን ሥሩ ሞቷል።»

የሺ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች።

ለመምሬ በንስሐ ስነግራቸው እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ምነው ልጄ! ለመድኃኒት እኮ ነው። እኔ እፈቅድላት ነበር። አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

እንቁጣጣሽ መጣ። ሹሩባ አልሠራኋትም። በማግሥቱም ዓመት፣ በሌላውም። የሺ ከዚያ ወዲህ ያለ ሻሽ ታይታ አታውቅም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስጽፍ ሐኪም ልሁን ብዬ አይደለም። ነርስ የሆነችው የልጅ ልጄ በሽታው በፈንገስ እንደሚመጣ፣ የዚያ ክኒን ስምም ግሪሶፉልቪን እንደሆነ ነግራኛለች። ዛሬ ሌላም መድኃኒት አለ አሉ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ ቆረቆር የያዘው ልጅ ካላችሁ አመድና እንዶድ እየቀባችሁ ጊዜ አታጥፉ። ምላጭ አትዋዋሱ። ለአንድ ልጅ የተሰጠውን መድኃኒት ለሁለት አትክፈሉ፤ ሁለቱም የእናንተ ቢሆኑ፣ ሁለቱም ቢያለቅሱ። ጾም ከሆነባችሁም ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከጎናችሁ ማንም ቢቆም ጠይቁ።

ብዙ ዓመት ሙሉ ለራሴ «ጥፋቴ አለማወቅ ነው» እል ነበር። ውሸት ነው። ሐኪሙ ነግሮኛል። ሙሉውን ለአበበች ብሰጥ አገር ይጮህብኝ ነበር። ሙሉውን ለየሺ ብሰጥ የገዛ አንጀቴ ይጮህብኛል። ግማሽ ግማሽ ሲሆን ማንም አይጮህም። ፍትሕ ያልኩት እሱን ነበር፤ ማንም የማይጮህበትን። የተጎዳችው ደግሞ መጮህ የማታውቀዋ ልጅ ናት።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁና ላብቃ።

የሺ እጇ የተባረከ ሹሩባ ሠሪ ሆነች። በአጥቢያችን የምትዳር ልጅ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የምታልፈው። ባለፈው ዓመት የአበበች የልጅ ልጅ ስትዳር፣ የሺ ሙሽራዋን በጉልበቷ መሐል አስቀምጣ ትሠራለች፤ እኔ አጠገቧ ሚዶ ይዤላታለሁ። ሙሽራዋ የዛሬ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«የሺዬ፣ አንቺንስ ለሠርግሽ ማን ሠራሽ?» አለቻት።

 የሺ ጣቷ እንኳ አልቆመም። «እኔማ ጠጉሬን ከአያትሽ ከአበበች ጋር ግማሽ ግማሽ ተካፈልኩና፣ ድርሻዬን ቀድሜ ጨረስኩት» አለች። ሙሽራዋ ሳቀች።

ልጅቷ ተነሥታ ስትሄድ እኔና የሺ ብቻችንን ቀረን። ዕድሜዬ ሰማንያ ሊሞላ ነው፤ ሌላ ጊዜ አላገኝም ብዬ «የሺ፣ ያን ነገር ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ክኒኑን።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አለች፣ ከልቧ ተገርማ። «እኔ አይደለሁ ግማሽ ግማሽ ያልኩት? አንቺማ ሙሉውን ልትሰጪኝ ይዘሽው ነበር እኮ። እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ሳስበው፣ ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ እላለሁ።»

 የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና የተናገረችውን ቃል፣ አርጅታም ተሸክማው ነበር። እኔ ዝም ባልኩበት ዓመት ሁሉ።

«አንቺ ባትናገሪም እከፍለው ነበር» አልኳት። «አበበች ስታለቅስ ልቤ ከፍሎት ነበር። አንቺ አፌን ብቻ ነው የቀደምሽኝ።»

«እውነትሽን ነው?»

«በሞትኩልሽ! እውነቴን ነው።»

 ሚዶውን ከእጄ ወሰደችና በውስጡ የቀረውን የሙሽራዋን ጠጉር አንድ በአንድ እየለቀመች አወጣች። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«ታዲያ ይህችን ለመናገር ይህን ሁሉ ዓመት፣ እቴቴ?»

 ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ፤ አላለችኝም ብዬ አልቀየማትም። ጠጉሯን ልመልስላት አልችልም። ግን ጥፋቱን ግማሹን ተሸክማልኝ ኖራለች። ይህን ሁሉ ሰው እንዲያነበው የጻፍኩት ያን ግማሽ እንድትመልስልኝ ነው። ጥፋቱ ሙሉውን የእኔ ነው።